ለእቁባችን አባላት፦ ስለ ድካማችን

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ባለፈው እሑድ ፒያሳ ለዕጣ ስንሰበሰብ ቡናው ሳይፈላ ሦስት ሰው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ሳቅን፤ በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ።

ነርሷ እህታችን ከሌሊት ተረኝነት በቀጥታ ነው የመጣችው። ጫማዋን አውልቃ ያበጠ እግሯን ስታሽ አየኋት። ባንክ ቤት የሚሠራው ወንድማችን እግሩስ ደህና ነው፤ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ 200 ብር ጎድሎበት ከኪሱ ከከፈለ ወዲህ ግን በሕልሙም ብር ይቆጥራል። የሆቴል ልጆቻችን ለጥምቀት ሰሞን መቀመጫ የላቸውም፤ እንግዳ ሲጠፋ ደግሞ ሥራው ራሱ ያሰጋቸዋል። መምህራኑን ተዉአቸው፣ የእነሱ ጭንቀት ወሩ ሲጋመስ ነው የሚጀምረው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለውን መዛል ሲመዘግብ በሽታ አላለውም፤ በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ጫና የሚመጣ ነው ያለው። ጉልበት ይሟጠጣል፣ ልብ ከሥራው ይሸሻል፣ ሰውም «ምንም አልረባም» ማለት ይጀምራል። ስለዚህ «ሰነፍኩ» እያላችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ።

የግል ድርጅት ተቀጣሪዎች፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል። ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎትም 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ፈቃዳችሁን ቁጠሩና ጠይቁ እንጂ!

ከዚህ እሑድ ጀምሮ ዕጣው 10 ሰዓት ላይ ይወጣል። ሌሊት ተረኛ የነበረ ሰው ብሩን በቴሌብር ልኮ ይተኛ፤ ቅጣት የለበትም። ድፎ ዳቦው በእኔ ነው።

ጸሐፊያችሁ