ይድረስ ለአባባ፦ ስለ ትምህርቴ ጉዳይ

ፎገራ፣ ጥር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጥምቀትን እዚሁ ዋልኩ፤ ተረኛ ነበርኩ።

ባለፈው የጀመርነውን ወሬ ኔትወርኩ መሃል ላይ ቆረጠብን። ደግሞ ስልክ ላይ እርስዎ "እህ" ብለው ዝም ሲሉ ተስማሙ ይሁን ተቆጡ አይገባኝም። ስለዚህ በወረቀት ይሁን ብያለሁ። መነጽርዎን ያድርጉና ቀስ ብለው ያንብቡት።

"ሰው ማከሙን ትተሽ ወረቀት ልታገላብጪ ነው ሁለት ዓመት የምትማሪው?" ብለውኝ ነበር። ጎረቤታችንም ልማረው ያሰብኩት ማስተርስ የጤና ፖሊሲና ማኔጅመንት ነው ሲባል ሰምተው "እሱማ የቢሮ ሥራ ነው" አሉ አሉ። እማዬ ነግራኛለች። አልካድም፣ ቢሮም አለበት፣ ስብሰባም አለበት። ስብሰባውን እኔም አልወደውም።

ግን አባባ፣ እርስዎ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስቶር ውስጥ ያን ሁሉ ዓመት ሲሠሩ አንድ ሜትር ጨርቅ አልሸመኑም። መለዋወጫው በጊዜው ካልገባ ሸማኔው እጁን አጣጥፎ እንደሚቀመጥ ግን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እራት ላይ የሚሉት ነገር አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፦ "ዕቃ አለቀ የሚባለው መደርደሪያው ባዶ ሲሆን አይደለም። አዲሱ እስኪመጣ ያለው የማይበቃ ሲሆን ነው።" እኛ ጋ ይህ ነገር በመመሪያ የተጻፈ ነው። አንድ ጤና ጣቢያ ቢበዛ የ4 ወር፣ ቢያንስ የ2 ወር መድኃኒት መያዝ አለበት። በየሁለት ወሩ ቆጥሮ፣ ሪፖርት ጽፎ ይጠይቃል። ከዚህ ዝቅ ብሎ የሁለት ሳምንት ብቻ ከቀረው በአስቸኳይ ያዝዛል። መመሪያው የእርስዎ ነው ማለት ይቻላል፤ ሥራው ላይ ነው ጉዱ።

አንድ ነገር ልንገርዎት። ከዚህ በፊት በሠራሁበት ጤና ጣቢያ ነው፤ ስሙ ይቅር። ክረምቱ እንደወጣ አንዲት እናት ከሐይቁ ዳር ካለ ቀበሌ ልጇን አዝላ መጣች። ልጁ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ያስለዋል፣ ትኩሳት አለው። ልብሱን ገልጬ ደረቱን እያየሁ ትንፋሹን ቆጠርኩ። በዚያ ዕድሜ በደቂቃ 40 ከደረሰ ፈጣን ነው እንላለን፤ የእሱ ከዚያ በደንብ አልፎ ነበር። ሳንባ ምች ነው። መድኃኒቱ ውድ አይደለም፣ ብርቅም አይደለም። ውሃ ውስጥ የሚሟሟ አሞክሳሲሊን ነው። ጻፍኩላት። እሷም የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ የጤና መድህን ደብተሯን አወጣች። በፌስታል ጠቅልላው ነበር፣ ውሃ እንዳይነካው።

ትንሽ ቆይታ ወረቀቱን ይዛ ተመለሰች። "የለም፣ ከውጭ ግዢ አሉኝ" አለች። ቀጥላም "ታዲያ የከፈልኩት ለምኑ ነው?" አለችኝ። ምን ልበላት?

ስቶር ገባሁ። የመድኃኒቱ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን ቢን ካርድ አየሁት። ካርዱ አሞክሳሲሊን አለ ይላል፤ መደርደሪያው ባዶ ነው። ከጎኑ ማንም ያልጠየቀው ሌላ መድኃኒት በካርቶን በካርቶን ተቆልሏል፤ ጊዜው ሊያልፍበት ትንሽ ቀርቶታል። እርስዎ ቢያዩት ያን ቀን እህል አይቀምሱም ነበር። የፋርማሲው ልጅ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። መድኃኒት የሚሰጠው እሱ፣ ስቶሩን የሚይዘው እሱ፣ ሪፖርት የሚጽፈው እሱ። ሰልፉ በር ላይ ቆሞ ካርድ የሚሞላበት ጊዜ ከየት ያምጣ? ሴትየዋ ከአገሯ ሰው ተበድራ ከግል ፋርማሲ ገዛች። ምርመራዬም ትክክል፣ ትእዛዜም ትክክል ነበር። ሐኪም ብጨምር፣ ስፔሻሊስት ባመጣ ያ ልጅ መድኃኒቱን አያገኝም ነበር።

ወደ መድህኑ ልመለስ፣ ልቤ ያለው እዚያ ነውና። ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በ2003 ሲጀመር በ13 ወረዳዎች ተሞከረ። በእኛ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩ። እኔ አሁን ያለሁት ነገሩ በተወለደበት ወረዳ ነው። ገበሬው በዓመት አንዴ ይከፍላል፤ ሩዙ ተወቅቶ እጁ ላይ ብር ሲኖር ማለት ነው፣ ልክ እንዳሁኑ ጊዜ። መክፈል የማይችለውን መንግሥት ይሸፍንለታል። ከዚያ ሲታመም ኪሱን ሳይነካ ይታከማል። ሐሳቡ በጣም ጥሩ ነው። እኔ በበኩሌ ለዚህ አገር ገጠር ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

ታዲያ የት ላይ ነው የሚላላው? ጤና ጣቢያው ያከመበትን ሂሳብ በየሩብ ዓመቱ ለመድህኑ ያቀርባል። ክፍያው ዘገየ እንበል። ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚገዛበት ብር ያጥረዋል። መድኃኒት ከሌለ አባሉ "ከውጭ ግዛ" ይባላል። ሁለት ጊዜ ከውጭ የገዛ ሰው በቀጣዩ ጥር ደብተሩን አያሳድስም። በተለይ ጤነኛው አያሳድስም፤ በሽተኛው ግን የግዱን ይቆያል። ያኔ መዋጮው ይቀንሳል፣ ወጪው ይጨምራል፣ ክፍያው ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል። የትኛውን ጫፍ ይዘው ይፈቱታል? መማር የምፈልገው ይህንን ነው። ከዚህ ውጪ ያለው የትምህርቱ ስም ብዙም አያሳስበኝም።

አለቃዬ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናውን ተማሪ ይለኛል። እንደ እኔ ላለ ጤና መኮንን የተከፈተ የሦስት ዓመት ማስተርስ ነው፤ ምጥ የጠናባትን እናት ቀዶ የሚያድን ሰው ይሆናሉ። ትልቅ ሥራ ነው፣ የሚማሩትን አከብራለሁ። ግን እጄም ልቤም ወደዚያ አላደላም። ሌሎች ደግሞ ጠቅላላውን የሕብረተሰብ ጤና ያዢ፣ ሥራ በየቦታው ይገኝበታል ይላሉ። እሱ ላይ ወረርሽኝ ማጥናቱ ይበዛል። የሆስፒታል አስተዳደር የሚባለውም አለ፤ ሆስፒታል መምራት ለሚፈልግ ነው። እኔ ሆስፒታል መምራት አልፈልግም። ገንዘቡ ከገበሬው ኪስ ተነስቶ መድኃኒት ሆኖ እስኪመለስ ያለውን መንገድ ነው ማወቅ የምፈልገው። ስለዚህ የጤና ኢኮኖሚክስና የጤና ፋይናንስ በደንብ የሚሰጥበት ክፍል ያስፈልገኛል።

አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ ደውሎ "እዚህ ነይ" አለኝ። እዚያ ፖሊሲ ከፈለግሽ አንድ ዓይነት ዲግሪ፣ ሆስፒታል ማስተዳደር ከፈለግሽ ሌላ፣ ዕውቅና የሚሰጠውም አካል የተለያየ ነው አለና ብዙ አስረዳኝ። ደግ ልጅ ነው። ግን እዚያ አብዛኛው ሠራተኛ መድህን የሚያገኘው በአሠሪው በኩል ነው፤ 65 ዓመት የሞላውን መንግሥት ይይዘዋል። ያንን ሥርዓት አጥንቼ ለፎገራ የሩዝ ገበሬ ምን አደርግለታለሁ? ብሩም የለንም። እሱ ነገር በዚሁ ይዘጋ።

እዚሁ አገር ሦስት ቦታ አየሁ። ጅማን ብዙ ሰው ያመሰግናል። የሆስፒታል አስተዳደር ማስተርስ ከአሜሪካው የል ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የጀመረው እሱ ነው፤ ተማሪን ወደ ማኅበረሰቡ አውጥቶ በማስተማርም የታወቀ ነው። ግን ከሐይቁ ዳር እስከ ጅማ፣ በዚህ ጊዜ፣ በዚህ መንገድ? እማዬ ገና ስሙን ስትሰማ ስለት ትሳላለች።

ጎንደር ከበደኝ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ልቤን በጣም የወሰደው እሱ ነበር። ከ1947 ጀምሮ የቆየ ቤት ነው። ያኔ ሲከፈት ዓላማው ራሱ የገጠሩን ጤና ነበር። ጤና መኮንን፣ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ (ሳኒቴሪያን) በቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ነበር፤ የእኔ ሙያ ራሱ የተወለደው እዚያ ነው። የጤና ሥርዓትና ፖሊሲ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ከዚያ የወጣ ሰው ሲያወራ ያስታውቃል፣ ቁጥር አይፈራም። "ጎንደር ተምሬ ነው" ማለት ራሱ ደረት ያስነፋል።

ባሕር ዳር ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ገና የ1992 ልጅ ነው፤ እርስዎ ፖሊቴክኒኩና የመምህራን ኮሌጁ፣ ፖሊና ፔዳ የምትሏቸው፣ ለየብቻ ሳሉ የሚያውቁት ማለት ነው። ጤናው ከዚያም በኋላ የመጣ ነው። ግን የጤና ሥርዓት አስተዳደርና የጤና ኢኮኖሚክስ አንድ ላይ የሚሰጥበት ክፍል አለው። የምፈልጋቸው ሁለቱ ነገሮች በአንድ ክፍል መሆናቸው ነው። የክልሉ ጤና ቢሮ ከተማው ውስጥ ነው። ለጤና ጣቢያዎቹ መድኃኒት የሚያከፋፍለው የመድኃኒት አቅራቢው ቅርንጫፍም እዚያው ነው። የመመረቂያ ጽሑፌን ልሠራበት ያሰብኩት ፎገራ ደግሞ ጠዋት ወጥቼ ማታ የምመለስበት ቦታ ነው። ተማሪዎቹን ሳገኝ ስለ ትምህርት ቤቱ ስም አልጠየቅኳቸውም። አማካሪያችሁ ስልክ ያነሳል ወይ? አንድ አማካሪ ስንት ተማሪ ይይዛል? ጽሑፉ ሳያልቅ የተንጠለጠለ ሰው አለ ወይ? እሱን ነው የጠየቅኩት። መልሱ ከሁሉም ቦታ የተደባለቀ ነው። ግን ባሕር ዳር ያሉት ጽሑፋቸውን ሲሠሩ ጤና ቢሮ በእግራቸው እየሄዱ መረጃ ይጠይቃሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ አገር ማስተርስ የሚያስረዝመው ትምህርቱ አይደለም፤ ደብዳቤ ይዞ መመላለሱ ነው።

ስለዚህ ባሕር ዳርን ቀድሜ፣ ጎንደርን ቀጥዬ አመለክታለሁ።

"ለእኔ ብለሽ እንዳትቀሪ" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። የእርስዎን ነገር አልቆጠርኩም ብል ውሸት ነው። ደም ግፊትዎ አለ፣ ጉልበትዎ አለ፣ እማዬም ብቻዋን ናት። እዚያው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ከእናንተ ጋር እያደርኩ ብማር ለቤት ኪራይ የማወጣው ብር ይተርፋል፤ ዛሬ ደግሞ የባሕር ዳር ኪራይ የሚቀመስ አይደለም። ግን ክፍሉ የማይሆነኝ ቢሆን ኖሮ ጎንደር እሄድ ነበር፣ እርስዎም ይመርቁኝ ነበር። ይህን እንዲያምኑኝ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት።

አሁን የቀረው ወረቀት ነው። በመጀመሪያ ትምህርት ሚኒስቴር የሚያዘጋጀውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ ጋት የሚሉትን፣ ማለፍ አለብኝ። ሒሳብ አለው፣ እንግሊዝኛ አለው፣ የማመዛዘን ጥያቄም አለው። ሒሳቡን ማታ ማታ እየሠራሁ ነው፤ ከስምንተኛ ክፍል በኋላ የረሳሁት ክፍልፋይ ሁሉ ተመልሶ መጥቷል። ወረዳው ስፖንሰር ካደረገኝ ደመወዜ አይቋረጥም፤ በምትኩ ተመልሼ የማገለግልበትን ውል እፈርማለሁ። ውሉ ዋስ ይጠይቃል። ዋስ የሚሆነው ደመወዝተኛ ነውና እርስዎ በጡረታ ስላሉ አይሆኑም፤ በዚህ አይጨነቁ፣ የወንድሜ ጓደኛ እሺ ብሎኛል። ስፖንሰሩ ካልተገኘ ግን በግሌ ከፍሎ መማሩ ከባድ ነው፤ ያኔ አንድ ዓመት አዘገየዋለሁ እንጂ እናንተ መሬት ልሽጥ ምን ልሽጥ እንዳትሉ። አደራ።

ከእርስዎ ሦስት ነገር እፈልጋለሁ። የዲግሪዬ ዋናውና የወጪ መጋራት የከፈልኩበት ማስረጃ በእማዬ ሳጥን ውስጥ፣ በሰማያዊ ፕላስቲክ ነው። ለሹፌር አይስጡብኝ፤ ቅዳሜ መጥቼ እወስደዋለሁ። ሁለተኛ፣ የእናንተም የመድህን ደብተር የሚታደስበት ጊዜ አሁን ነው። ቀበሌ ሄደው ያሳድሱት፤ "ባለፈው ዓመት አልታመምንም" የሚለውን ክርክርዎን ከላይ ያነበቡት ነገር ይመልስልዎታል። ሦስተኛው፣ ፋብሪካው ሥራ ሳያቆም ቆጠራ ታደርጉ የነበረበትን መንገድ ይንገሩኝ። መደርደሪያውን በየሳምንቱ ተራ በተራ ነው የምንቆጥረው ሲሉ የሰማሁ ይመስለኛል። የአንድ ሰው ስቶር ላይ የሚሠራ ከሆነ ለጽሑፌ እፈልገዋለሁ፤ ቅዳሜ ደብተር ይዤ እመጣለሁ።

ልጅዎ