ስለ መግቢያ ክፍያውና ስለ ቡና ለቀማው ለደንበኞቻችን

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ከጥቅምት መጀመሪያ ጀምሮ ይርጋለም የሚገኘውን የቡና እርሻችንን ለሚጎበኝ ሰው 300 ብር ማስከፈላችንና እንግዳ በገዛ እጁ ቡና መልቀሙን ማስቀረታችን ብዙዎቻችሁን አስቀይሟል። ሳትሰሙ ከሀዋሳ ድረስ መጥታችሁ ከበር የተመለሳችሁትን ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔው ግን ይጸናል፤ ምክንያቱንም መስማት ይገባችኋል።

ከሁሉ የከበደን «ከገበሬ ቤትም ቡና በገንዘብ ተጀመረ?» የሚለው ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ ጀበናውን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚህ በፊት በዚህ ቤት ቡና ሳይጠጣ የተመለሰ ሰው አልነበረም። ነገር ግን አልፎ አልፎ ብቅ የሚል እንግዳና ቅዳሜ ጠዋት ደጃፋችን ላይ የሚደረደረው ሚኒባስ አንድ አይደሉም። ከቡናው ጋር ለምናቀርበው የሲዳማ ምግብ፣ ለቡርሳሜው፣ የሚሆነው ቆጮ የጓሯችን ነው፤ ቅቤው፣ ስኳሩና ከሰሉ ግን ይገዛል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ስላለው ዋጋ ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው።

«የቡና ዋጋ ጣሪያ ነክቷል፣ ምን ጎደላችሁ?» ያላችሁም አላችሁ። እውነት ነው፣ ጨምሯል። የለቃሚ ክፍያም አብሮ ጨምሯል። ደግሞም ቡና አንድ ዓመት በደንብ ከሰጠ በቀጣዩ ይሰስታል፤ የእኛ ዘንድሮ የሚሰስትበት ነው።

ወደ ለቀማው ስንመጣ፣ ቡና የሚያፈራው ባለፈው ዓመት ባደገው የቅርንጫፍ ክፍል ላይ ነው። ጫፉ ሲሰበር የከርሞው አበባ አብሮ ይሄዳል። የለመደ ለቃሚ ቀዩን እሸት በጣቱ ጠምዘዝ እያደረገ አንድ በአንድ ያወርዳል። ፎቶ ለመነሳት የቸኮለ ሰው ቅርንጫፉን ይጎትታል፤ አረንጓዴውንም ቀዩንም በአንድ እፍኝ ይዞ ይመጣል። ማድረቂያ አልጋው ላይ የተሰጣውን ልጆች ሲያማስሉትም የትናንቱና የሳምንቱ ይደባለቃል፤ እኩል ስለማይደርቅ ይሻግታል። አምና አንድ አልጋ ሙሉ እንዲህ ተበላሽቶብን በርካሽ ሸጠነዋል። ማን እንዳደረገው አልጠየቅንም፤ እንግዳ ነው ብለን ዝም አልን።

አያቴ በዚህ መሬት ላይ ጭሰኛ ነበሩ። በስማቸው የያዙት በ1967 የመሬት አዋጅ ከታወጀ በኋላ ነው፤ ከዋንዛውና ከብርብራው ጥላ ሥር ያሉትን አሮጌ ቡናዎች የተከሉትም እሳቸው ናቸው። በ1994 ግድም ዋጋው ሲወድቅ ብዙ ጎረቤት ቡናውን ነቅሎ ጫት ተከለ። አባቴ አልነቅልም ብሎ ላሞቹን ሸጠ። ያኔ የሳቁበት ሰዎች ዛሬ ዘር ይጠይቁናል፣ እንሰጣለንም። ይህን የምጽፈው ልመጻደቅ አይደለም፤ 300 ብር ልናካብትባችሁ ያሰብን የመሰላችሁ ካላችሁ ማን እንደሆንን እንድታውቁ ነው።

ክፍያው ቡናውን ከአቦል እስከ በረካ፣ ቡርሳሜውንና የእርሻውን ጉብኝት ይሸፍናል። ልጆች አይከፍሉም። በሩ አጠገብ ያሉትን ጥቂት ቡናዎች ለእንግዳ ትተናል፤ መልቀም የፈለገ እዚያ ከለቃሚ ጋር ቆሞ ይሞክር። ከጥቅምት በፊት ቀን ያስያዛችሁ በቀድሞው ደንብ ትስተናገዳላችሁ። በየዓመቱ የምትመጡት ነባር ደንበኞቻችን ግን፣ እባካችሁ በዚህ ምክንያት አትቅሩብን። ለቀማው እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ስለሚቆይ እስከዚያ የምንቀበለው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው፤ ቀድማችሁ ደውሉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የእርሻው ቤተሰብ