ለአባባ፣ ስለ ሰኞው ዳዊት

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

ባለፈው መስከረም ለግሸን ማርያም ንግሥ ስመጣ ቤት ጎራ ብዬ፣ «ምነው ልጄ፣ ፊትህ ጠቆረ?» ብለው ሲጠይቁኝ የመንገድ ድካም ነው ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። እውነቱን ለመናገር፣ በሰጡን የባሕር ዛፍ ሽያጭ ገንዘብ ከወንድሜ ጋር ተጣልተን፣ ወሬው ከጆሮዎ እንዳይደርስ ሁለታችንም ተጠንቅቀን፣ እኔ ግን እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ግማደ መስቀሉ ያረፈበትን፣ መስቀል የመሰለውን አምባ በእግሬ ወጥቼ መስከረም 21 ቀን ብሳለም ልቤ ያርፋል ብዬ ተስዬ ነበር። ወጣሁ፤ አለቀስሁም። ደሴ በተመለስሁ በሦስተኛው ሌሊት ግን ያው ንዴት ከአልጋዬ አስነሣኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቂሜን ይዤ ወጥቼ ቂሜን ይዤ ወርጃለሁና።

ያን ሌሊት የሰጡኝን ዳዊት ከማኅደሩ አወጣሁት። ጠርዙ በእጅዎ ወዝ ጠቁሯል፤ በሰኞው ክፍል ላይ የጧፍ ሰም ጠብ ብሎ ደርቋል፤ በጥፍሬ ልፍቀው ብዬ ተውሁት። ሊነጋ ያለው ሰኞ ስለ ነበር የዕለቱን ድርሻ፣ ከመዝሙር 1 እስከ 30 ያለውን መድገም ጀመርሁ። ሦስተኛው መዝሙር ዳዊት ከገዛ ልጁ ከአቤሴሎም ፊት በሸሸ ጊዜ የዘመረው ነው፤ ያም ሆኖ «እኔ ተኛሁ አንቀላፋሁም» ይላል። አራተኛው ላይ ደግሞ፣ በልጅነቴ ሲደግሙት እሰማው ከነበረው «በሰላም እተኛለሁ» ከሚለው ቃል አስቀድሞ፣ ስትቆጡ ኃጢአት እንዳትሠሩ፣ በመኝታችሁም በልባችሁ አስቡ የሚል ትእዛዝ አለ። ይህን ስንት ዓመት ሳላስተውለው ኖርሁ! እኔ የምለምነው እግዚአብሔር ወንድሜን እንዲያሸንፍልኝ ነበር፤ ዳዊት ግን ልጁ እያሳደደው የተኛው እግዚአብሔርን ተደግፎ ነው።

ለንስሐ አባቴ ሁሉን ስነግራቸው፣ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ የሚለውን የወንጌል ቃል ብቻ አስታወሱኝ። ቅዳሜ ኩታበር ወረድሁ። ወንድሜ በሩን ከፍቶ ዝም ብሎ አየኝ፤ እኔም ቃል አጣሁ። ሚስቱ የእጅ ውኃ ስታመጣ ማንቆርቆሪያውን ተቀብሏት ራሱ አስታጠበኝ፤ እጁ ይንቀጠቀጥ ስለ ነበር ውኃው እጅጌዬን አረጠበው። «ይቅር በለኝ» ያልሁት ያን ጊዜ ነው፤ እርሱም አብሮኝ አለ።

የገንዘቡ ነገር ገና አልተቋጨም፤ ምናልባት የእርስዎ ዳኝነት ያስፈልገን ይሆናል። ያን ሌሊት ግን እዚያው ወንድሜ ቤት መደብ ላይ ጋቢ ለብሼ እስኪነጋ ተኛሁ፤ ከዚያ ወዲህም እተኛለሁ።

ለገና ሁለታችንም አብረን እንመጣለን። ዳዊቱን ይዤልዎ ስለምመጣ፣ ዓይንዎ ቢደክም እንኳ የሰኞውን በቃልዎ ይድገሙልን።

ልጅዎ፣ ከደሴ