የላይብረሪ ተለማማጆች ቻናል ከመክፈት ያለፈ ነገር ይማሩ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

በሰሜን ሸዋ የቤተ መጻሕፍት ሙያ ሰልጣኞች ለተግባር ልምምድ ሲመደቡ ከሚሰጣቸው ሥራ አንዱ «የዲጂታል ግንኙነት» የሚባለው ነው። ብዙ ጊዜ ጉዳዩ የቴሌግራም ቻናል ከፍቶ የላይብረሪውን ፎቶ በመለጠፍ ያልቃል፤ የመገምገሚያ ቅጹም ላይ ምልክት ይደረግበታል። ቻናል መክፈት የ5 ደቂቃ ሥራ ነው፤ ወጣቱ ማንም ሳያሳየው ያውቀዋል። የሚቸገረው መልእክቱን በእኛ ፊደል፣ በእኛ ሰዓትና በእኛ ቀን ጽፎ አንባቢው ዘንድ ሳይበላሽ ማድረሱ ላይ ነው። ይህን ደግሞ የሚያስተምረው የለም።

ከቀላሉ ልነሣ። ቴሌግራም ላይ የመላኪያዋን ምልክት ጫን አድርጎ በመያዝ መልእክቱን ለሌላ ሰዓት መቅጠር ይቻላል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይውጣልኝ ብሎ 02:00 የመረጠ ተለማማጅ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሰው ስልክ ያስጮኻል። ስልኩ ከእኩለ ሌሊት ስለሚቆጥር በቀኑ ሰዓት ላይ 6 መደመር ነው፤ ጠዋት 2 ሰዓት 08:00፣ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት 15:00 ይሆናል።

ቀኑ ይብሳል። ኮሃ የተባለው ነጻ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ኒውዚላንድ ውስጥ ተሠርቶ በ2000 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረ ነው፤ የመመለሻ ቀን የሚያሰላውም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሜይ 15ን «15/05» ብሎ ቢልክ አንዱ አንባቢ አምስተኛውን ወር ቆጥሮ ጥር 15 ይለዋል፤ ሌላው ሜይ ግንቦት ነው ብሎ ግንቦት 15ን ይጠብቃል። ቀኑ ግን ግንቦት 7 ነው። በ8 ቀን አሳልፎ መጥቶ ቅጣት ክፈል ሲባል የሚቆጣውን ሰው ጥፋተኛ ማለት ይከብዳል። ስለዚህ የማስታወሻው ጽሑፍ የወሩን ስም በፊደል፣ ከተቻለም ዕለቱን ጨምሮ ይያዝ። ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግሥት፣ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት ድረስ ልዩነቱ በአንድ ቀን ስለሚገፋ በቃል የተያዘ ሰንጠረዥ አያዋጣም፤ ቀን መቀየሪያ ይጠቀሙ።

ዋናው ችግር ያለው ፊደላችን ላይ ነው። ለኮምፒዩተር ፀ እና ጸ፣ ሠ እና ሰ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ እንደ «ለ» እና «መ» የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ተለማማጁ በመጀመሪያው ቀን አንድ ፈተና ይሥራ፤ በርዕሱ ውስጥ «ፀሐይ» የሚል ቃል ያለበትን መጽሐፍ በካታሎጉ መፈለጊያ ላይ «ጸሀይ» ብሎ ይፈልገው። ሥርዓቱ ልዩ ማስተካከያ ካልተደረገለት መጽሐፉ ሼልፍ ላይ ተቀምጦ ማሽኑ «የለም» ይላል። ይህች ቃል ብቻ ለመጀመሪያው ፊደል 2፣ ለሁለተኛው ደግሞ ሃ፣ ሓ እና ኃ ሲቆጠሩ 6 አማራጭ ስላላት በ12 መንገድ ትጻፋለች። መፍትሔው «ትክክለኛውን» ፊደል እየተከራከሩ መምረጥ አይደለም፤ ለዚያ ክርክር ዕድሜ አይበቃም። ርዕሱ በመጽሐፉ የርዕስ ገጽ ላይ እንደታተመ ይመዝገብ፤ የተለመደው ሌላ አጻጻፍ በማርክ (የካታሎግ መረጃ ኮምፒዩተር ላይ የሚመዘገብበት ቅርጽ) መስክ 246 ይጨመር። የደራሲ ስም ከሆነ ሌላው አጻጻፍ የአንድን ሰው ስም ልዩ ልዩ አጻጻፎች በሚያያይዘው የስም መቆጣጠሪያ መዝገብ መስክ 400 ይገባል። የደራሲው ስም በሚገባበት መስክ 100 ላይ ደግሞ የመጀመሪያው አመልካች (የስሙን ዓይነት የሚናገረው አሃዝ) 0 ይሁን። 1 የሚሞላው የቤተሰብ ስም ለሚቀድምበት አመዘጋገብ ነው፤ የእኛ ሰው በራሱ ስም ይመዘገባል እንጂ በአባቱ ስም አይጀመርም።

ቻናሉም ላይ ነገሩ ያው ነው። #ሥነ_ጽሑፍ እና #ስነ_ጽሁፍ ሁለት የማይገናኙ መሳቢያዎች ናቸው። «#አዲስ መጽሐፍ» ተብሎ በክፍተት ከተጻፈ ደግሞ ምልክቱ «አዲስ» ላይ ይቆማል፤ በሥር መስመር ማያያዝ ያስፈልጋል። ከ10 የማይበልጡ ሀሽታጎች ተመርጠው፣ አጻጻፋቸው ተወስኖ፣ ዝርዝሩ ቻናሉ አናት ላይ ፒን ይደረግ። በየቢሮው ኮምፒዩተር ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ደረጃ) በፊት በተሠራ ፎንት የተጻፈ ማስታወቂያም አለ፤ ገልብጠው ቴሌግራም ላይ ሲለጥፉት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። ፎንት መቀየር አያድነውም፤ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ወይም እንደገና መጻፍ ነው። ማስታወቂያውን ፎቶ አንስቶ መለጠፍ የሰነፍ መፍትሔ ነው፤ ፎቶው ውስጥ ያለ ጽሑፍ በቻናሉ ፍለጋ አይገኝም።

ከደብረ ብርሃን አስፋልት ወጣ ብሎ ወደ መንዝ ወይም ወደ ጅሩ ለሚሄድ ተማሪ ቴሌግራም ሁልጊዜ አይደርሰውም። በእጁ ያለው ባለ ቁልፍ ስልክ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተለማማጁ ኤስኤምኤስ መጻፍ መማር አለበት፤ ይህ ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አንድ ኤስኤምኤስ የሚሸከመው 140 ባይት ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ፊደል ይይዛል፤ የግዕዝ ፊደል እያንዳንዱ 2 ባይት ስለሚወስድ 70 ብቻ ይገባል። 71ኛው ሲጨመር መልእክቱ ሁለት ይሆናል፤ ያን ጊዜም ከየክፍሉ ለማያያዣ ስለሚቀነስ እያንዳንዱ 67 ብቻ ይይዛል። በእንግሊዝኛ በተጻፈ መልእክት ውስጥ አንዲት «።» ብትገባ እንኳ መልእክቱ በሙሉ በ70 ይቆጠራል። «ውድና የተከበሩ አንባቢያችን» ብሎ መጀመር ጨዋነት ነው፤ ለ300 አንባቢ ሲላክ ግን ሂሳቡን እጥፍ ሊያደርገው ይችላል። ይህኛው ይበቃል፦

«የተዋሱት መጽሐፍ ሐሙስ ግንቦት 7 ይመለሳል። ማራዘም ከፈለጉ ይደውሉ። ላይብረሪ»

ክፍተቱና ነጥቡ ሁሉ ተቆጥሮ 50 ነው፤ ስልክ ቁጥር ለመጨመርም ቦታ ይተርፋል። አንዳንድ አሮጌ ስልክ አማርኛውን በባዶ ሳጥኖች ያሳያል። አንባቢው ሲመዘገብ እዚያው ጠረጴዛው ላይ አንድ የሙከራ መልእክት ተልኮለት መነበቡ ይታይ፤ ካልተነበበ በመመዝገቢያ ካርዱ ላይ «ይደወልለት» ተብሎ ይጻፍ። አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ ቦታ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ጠ እና ተ፣ ጨ እና ቸ ስለሚደባለቁበት ለመጽሐፍ ርዕስ አይሆንም።

መብራት በሄደበት ሰዓት ኮሃ ማስታወሻ አይልክም። ማስታወሻዎቹ የሚዘጋጁት ሰርቨሩ ላይ በተወሰነ ሰዓት በሚነሣ ትእዛዝ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሰርቨሩ ጠፍቶ ከነበረ የዚያ ቀን ሥራ ሊዘለል ይችላል። ትእዛዙ ሌሊት ከመሆን ይልቅ ላይብረሪው ክፍት በሆነበት ሰዓት ቢደረግና ተለማማጁ በየቀኑ የወጣውን ዝርዝር ከውሰት መዝገቡ ጋር ቢያመሳክር ይሻላል። ባሕር መዝገቡንም (ላይብረሪው የገቡለትን መጻሕፍት በተራ የሚመዘግብበትን ደብተር) ኮምፒዩተር መጣ ብሎ አይጣሉት።

ሁለት ነገር ቻናል ላይ አይለጠፍም። አንደኛው መጽሐፍ ያልመለሱ ሰዎች ስም ዝርዝር ነው። ማን ምን እንዳነበበ የአንባቢው ምስጢር ነው፤ ማስታወሻው ለባለቤቱ ብቻ ይላክ። ሁለተኛው የልብ ወለድና የመማሪያ መጽሐፍ ስካን ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው ጥቅም በሕይወት ዘመኑ ሁሉና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ድረስ የተጠበቀ ነው። ርዕሱ፣ ደራሲው፣ ስለ ይዘቱ ሁለት መስመርና የሼልፍ ቁጥሩ ይበቃል፤ ለምሳሌ በዲዊ የመጻሕፍት አመዳደብ የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ 892.87 ላይ እንደሚገኝ።

የመጨረሻው ርክክብ ነው። ቻናሉ በተለማማጁ የግል ስልክ ቁጥር ከተከፈተ ልምምዱ ሲያልቅ ቻናሉም አብሮት ይሄዳል። ከመጀመሪያው በተቋሙ ስም በወጣ ሲም ይከፈት፤ ተለማማጁ አስተዳዳሪ ተደርጎ የመለጠፍና የማረም መብት ብቻ ይሰጠው፤ ሌላ አስተዳዳሪ የመጨመር መብቱ ይዘጋ። ቀድሞ በግል ቁጥር ተከፍቶ ከሆነ ባለቤትነቱን ማዛወር ይቻላል፤ ቴሌግራም ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። የአስረካቢው ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ከበራ ቢያንስ 7 ቀን፣ በያዘው ስልክ ከገባ ደግሞ ቢያንስ 24 ሰዓት ሊሞላው ይገባል። ስለዚህ ስንብቱ ዓርብ ከሆነ የይለፍ ቃሉ ካለፈው ሳምንት ሐሙስ ሳያልፍ ይብራ፤ በስንብቱ ቀን ሻይ ላይ የተጀመረ ርክክብ አይሳካም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፣ ከደብረ ብርሃን