ስለ ላይኛው ካቢኔት ክፍተትና ስለ መሙያው ክፍያ ለደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከመስከረም ወዲህ የላይኛውን የኪችን ካቢኔት ከኮርኒሱ ጋር አጣብቀን መግጠም ማቆማችን፣ በካቢኔቱና በኮርኒሱ መሃል ያለውን ክፍተት የሚዘጋውን መሙያ ደግሞ ለብቻው ማስከፈል መጀመራችን ብዙዎቻችሁን ቅር አሰኝቷል። ስልክ የደወላችሁልን አላችሁ፤ ሱቅ ድረስ መጥታችሁ «ካቢኔቱን አሳጠራችሁ፣ የጎደለውን ደግሞ መልሳችሁ ሸጣችሁልን» ያላችሁንም አላችሁ። ስለተሰማችሁ ቅሬታ ይቅርታ እንጠይቃለን። ያቺ የመጨረሻዋ አነጋገር ግን ከብዳኛለች፤ ይህን ደብዳቤ ረዘም አድርጌ የምጽፈውም በእርሷ ምክንያት ነው።

ነገሩ ከኮርኒሱ ይጀምራል። አብዛኛው ሥራችን ከፒያሳ እስከ ልደታ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ ባሉ ቤቶች ውስጥ ነው። በኮንዶሚኒየሞቹ ከራሳችን በላይ ያለው ወለል ተገጣጣሚ የኮንክሪት አግዳሚዎች ተደርድረው፣ በመካከላቸው ብሎኬት ገብቶ፣ ከላይ ኮንክሪት የፈሰሰበት ነው። አንዱ አግዳሚ ከጎኑ ካለው ትንሽ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ለሳኙ ልዩነቱን በልስን ያለሰልሰዋል እንጂ አያጠፋውም። በድሮዎቹ ቤቶች ደግሞ ኮርኒሱ በሞራሌ ላይ የተመታ ችፑድ ወይም የተወጠረ አቡጀዴ ነው፤ እንጨቱ ከዘመን ብዛት መሃሉ ላይ ይሰምጣል። ክፍሉ ባዶ ሳለ ይህን ማንም ልብ አይለውም። የሚታወቀው ቀጥ ያለ ነገር ከሥሩ ሲሰቀል ነው።

በቅርቡ ልደታ የሠራነውን አንድ ኪችን ልጥቀስ። የቤቱ እመቤት የጂፕሰም ኮርኒሱ በውሃ ልክ እንደተሠራ ነግረውን ነበር። ሌዘሩን ክፍሉ መሃል አቁመን ቀዩን መስመር ግድግዳው ላይ ጣልን፤ ከመስመሩ ወደ ላይ እስከ ኮርኒሱ ድረስ በሜትር ለካን። በመስኮቱ በኩል 62 ሳንቲ ሜትር የነበረው በበሩ በኩል 59 ከግማሽ ሆነ። በ3 ሜትር ከ40 ግድግዳ ላይ የ2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ልዩነት ማለት ነው። እመቤቲቱ ሜትሩን ከሥራ ቤታችን ልጆች ተቀብለው ራሳቸው ለኩት፤ ያው ነው።

እንዲህ ባለ ኮርኒስ ሥር ምን ይደረጋል? ካቢኔቱ ኮርኒሱን ተከትሎ ይሠራ ከተባለ በሮቹ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየረዘሙ ይሄዳሉ፤ ይህን ደግሞ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። በውሃ ልክ ሰቅለነው ኮርኒሱ ዝቅ ካለበት ቦታ ጋር እናጣብቀው ብንልም ችግሩ አያልቅም። ኮርኒሱ ከሁሉ ዝቅ የሚለው ግድግዳው ላይ ላይሆን ይችላል። ግማሽ ሜትር ወደ ክፍሉ ወጣ ብሎ የሰመጠ ከሆነ በሩ በተከፈተ ቁጥር ጫፉ ኮርኒሱን ይፍቃል። ደግሞም ካቢኔቶቻችን የሚንጠለጠሉት ግድግዳው ላይ በፊሸርና በቪት በታሰረ ብረት ነው፤ ለመስቀል መጀመሪያ ከፍ ተደርገው፣ ከዚያ ወደ ብረቱ ዝቅ ይላሉ። ከላይ ክፍተት ከሌለ ይህ አይሆንም። እንፋሎቱንም አትርሱ። እንጀራ በሚጋገርበት ኪችን ውስጥ እንፋሎቱ ወጥቶ የሚጠራቀመው ኮርኒሱ ሥር ነው፤ ካቢኔቱ የሚሠራበት የተጨመቀ የእንጨት ቦርድ፣ ኤምዲኤፍ፣ እርጥበት ከጠጣ ያብጣል፣ አንዴ ካበጠ ደግሞ ወደ ቀድሞው አይመለስም። ስለዚህ ከዝቅተኛው ቦታ 5 ሳንቲ ሜትር ወረድ ብለን እንሰቅላለን። ካቢኔቱ ያጠረባችሁ ዕድሜው እንዲረዝም ነው።

ክፍተቱ ክፍቱን ይቅር ያላችሁ አላችሁ፤ ይቻላል። ዘይት የጠጣ አቧራ እንደሚከማችበትና በረሮ እንደሚወደው ግን አስቀድመን እንናገራለን። መሙያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

«መሙያው እኮ ከቁራጭ ነው የሚሠራው» የሚለው ወቀሳ እውነትነት አለው፣ አልክድም። 122 በ244 ከሆነው ኤምዲኤፍ የሚተርፈውን እንጠቀማለን። የምናስከፍለው ግን ቁራጩን አይደለም፤ የሰው እጅ ነው። ልጁ መሰላል ላይ ወጥቶ መሙያውን ኮርኒሱ ሥር ያስጠጋል፤ የኮምፓሱን አንድ እግር ኮርኒሱ ላይ፣ እርሳስ ያለበትን መሙያው ላይ አድርጎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይስባል። ያ የእርሳስ መስመር የኮርኒሱ ጉብታና ስርጉድ ሁሉ የተቀዳበት ነው። መስመሩን ተከትሎ በጂግሶ ይቆርጣል፣ በመላጊያ ያስተካክላል፣ ይሞክራል፣ ያወርዳል፣ እንደገና ይልጋል። ልብስ ሰፊ ጠርዙን በሰውየው ቁመት ልክ እንደሚያወጣ ሁሉ ይህም በአንድ ኮርኒስ ልክ ብቻ የሚወጣ ነው፤ ለሌላ ቤት አይሆንም። ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ኮርኒሱ የባሰ ከሆነም ሙሉ ቀን።

ቀድሞ ይህን ሁሉ ዋጋው ውስጥ አካተን እንሠራው ነበር። ያን ጊዜ እንችል ነበር። ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የምንሠራበት ኤምዲኤፍ፣ ማጠፊያው፣ የመሳቢያው ሐዲድ፣ ሲሊኮኑ ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ነው። በዚያው ዓመት የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ለመልሶ ማልማት ሲነሳ አባቴ ቁምሳጥንና ብፌ ይሠራባት ከነበረችው ሱቅ ወጥተን፣ አሁን ያለንበትን ቤት በብዙ እጥፍ ኪራይ ያዝን። ልጆቹን አልቀነስንም። ቀጭን ቦርድም አልገዛንም፤ 18 ሚሊ ሜትሩ አሁንም 18 ሚሊ ሜትር ነው።

ወጪውን ጠቅላላ ዋጋው ላይ ጨምረን ዝም ማለት እንችል ነበር፤ ማንም ባላወቀብን። ግን ኮርኒሱ ቀጥ ያለለት ደንበኛ ለምን የሌላውን ሰው ኮርኒስ ይከፍላል? ይህ ፍትሐዊ አልመሰለኝም። ለብቻው የጻፍነው እንዲታይ ብለን ነው፤ መታየቱ ነው መልሶ ያስወቀሰን።

አባቴ የሠራላችሁን ብፌ አሁንም እንደያዛችሁ የነገራችሁኝ አላችሁ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ ሥራው ሲቆም ቀብዳችሁን ሳትጠይቁ ወራት የጠበቃችሁን አላችሁ፤ እርሱን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ረከስ ያለ ዋጋ አግኝታችሁ ወደ ሌላ የሄዳችሁም አላችሁ፤ አልቀየማችሁም፣ ኑሮው ይታወቃል። ብትመለሱ ግን ደስ ይለኛል።

ከእንግዲህ ውል ከመፈረማችሁ በፊት በሌዘር ለክተን የኮርኒሱን ከፍተኛና ዝቅተኛ ቦታ በወረቀት ጽፈን እንሰጣችኋለን፤ ለመለኪያው አናስከፍልም። እርሱን አይታችሁ መሙያ ይሁን፣ ክፍቱን ይቅር፣ ወይስ ጂፕሰም ሠሪ ጠርታችሁ ኮርኒሱን ታስተካክላላችሁ፣ ምርጫው የእናንተ ነው። ከመስከረም በፊት የተፈረሙ ውሎች በቀድሞው ዋጋ ያልቃሉ፤ በእነርሱ መሙያ የተከፈለበት ካለ ደረሰኙን ይዛችሁ ኑ፣ ይመለስላችኋል። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ የጂፕሰሙና የወለሉ ሴራሚክ ሥራ ሳያልቅ ለልኬት አትጥሩን፤ ከልኬቱ በኋላ ከተሠሩ ሁለቱም ቁመቱን ይለውጡታልና።

ከአክብሮት ጋር
የካቢኔት ሥራ ቤቱ ባለቤት