ርዕሱ ላይ «እብድ» ባትሉ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ኖርዌዩ ገዳይ ስለ አንደርስ ብሬይቪክ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ቡና እየጠጣሁ አነበብኩት። አጠገቤ የተቀመጡ አባት ርዕሱን አይተው «77 ሰው የጨረሰ እብድ ካልሆነ ታዲያ ማን ሊሆን ነው?» አሉ። ዝም ማለት አቃተኝ።

ታናሽ ወንድሜ ስኪዞፍሬንያ የሚባል የአእምሮ ሕመም አለበት። ሲብስበት ሬዲዮኑን ነቅሎ በእናታችን ነጠላ ይጠቀልለዋል። «እየሰሙን ነው» ይላል። ለበዓል ዶሮ ሲታረድ ግን ማየት ስለማይችል ከግቢ ይወጣል። ጭካኔ በታየ ቁጥር «እብድ ነው» ሲባል አንጀቴ ያራል።

ብሬይቪክን መጀመሪያ የመረመሩት ሁለት ሐኪሞች ሳይኮሲስ፣ ማለትም ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም አለበት አሉ። ሌሎች ሁለት ደግሞ የለበትም አሉ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ተጠያቂ ነው ብሎ 21 ዓመት ፈረደበት። አደገኛ ሆኖ ከቀጠለ ይራዘምበታል።

የእኛም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 48፣ በሽታ መኖሩን ብቻ አይጠይቅም። ሰውዬው ድርጊቱን ሲፈጽም የሚያደርገውን ይረዳ ነበር ወይ? ራሱን መቆጣጠርስ ይችል ነበር? ጥርጣሬ ካለ ፍርድ ቤቱ ባለሙያ ያስመረምራል። ኃላፊነት የለበትም የተባለ ሰውም እንዲሁ አይለቀቅም። እንዲታከም ወይም ተጠብቆ እንዲቆይ ይታዘዛል። ለእኚያ አባት ይህን ሳስረዳቸው ቡናዬ ቀዘቀዘ። እሳቸው ግን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ «እብድ» የሚለውን ከርዕሱ አውጡልን። ወንድሜ ጋዜጣችሁን ያነባል።

እህቱ
ድሬዳዋ