አንበጣ ደመወዝ የቈረጠለት ሳይንስ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። አንተ ከቦታ ቦታ ስትዛወር፣ እኔም በዚህ አገር ኑሮ ስባዝን፣ ከተጻጻፍን ብዙ ዘመን ሆነን። ባለፈው ሰሞን አንድ የጋራ ወዳጃችን ዛሬም የሰብል ጥበቃ እንደምታስተምርና ተማሪዎችህን ከተምችና ከአገዳ ቆርቁር ጋር እንደምታሟግት ሲያጫውተኝ፣ ዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ሳለን ሳንቋጨው የቀረው ክርክራችን ትዝ አለኝ። የነፍሳት ጥናት የባለጸጎች ጨዋታ ሆኖ ተጀምሮ ኋላ ላይ ለገበሬው የተረፈ ትምህርት ነው ትል ነበር፤ እኔ ደግሞ ገንዘቡን የሚያስመድበው የሰብል ጥፋት ነው እል ነበር። የምሠራው ሥራ ከተማርነው የራቀ ቢሆንም፣ ከሥራ ስመለስ የዩናይትድ ስቴትስን የነፍሳት ጥናት ታሪክ ሳነብ ስለ ከረምሁ፣ መልሴን እነሆ ልጽፍልህ ወደድሁ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የአንተን ድርሻ ልስጥህ። በዚያ አገር የዚህ ሳይንስ አባት የሚባለው የፊላደልፊያው ተወላጅ ቶማስ ሴይ ነው። ከእርሱ በፊት በአሜሪካ ምድር ለተያዘ ጢንዚዛ ወይም ቢራቢሮ ስም የሚያወጡለት ባሕር ማዶ ያሉ የአውሮፓ ሊቃውንት ነበሩ። ሴይ በ1812 የፊላደልፊያን የተፈጥሮ ሳይንስ አካዳሚ ከመሠረቱት አንዱ ሲሆን፣ በ1819 እና በ1820 ከመንግሥት የአሰሳ ጓድ ጋር እስከ ሮኪ ተራሮች ዘልቆ ሄደ፤ ከ1824 እስከ 1828 ባለው ጊዜም ስለ አገሩ ነፍሳት በሥዕል የተዋበ ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ። በ1824 ከገለጻቸው ፍጥረታት መካከል ቢጫ ሆና በጀርባዋ ላይ ዐሥር ጥቁር መስመሮች ያሏት አንዲት ጢንዚዛ ትገኛለች። ያን ጊዜ ከተራራው ሥር በበቀለ የዱር አረም ላይ የምትኖር፣ ማንንም የማትጎዳ ፍጥረት ነበረች። ሰፋሪዎች ድንች ይዘው ወደ ምዕራብ ሲገፉ ግን አረሙን ትታ ድንቹን ያዘች፤ ከ1850ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከማሳ ወደ ማሳ እየተሻገረች በ1874 አትላንቲክ ዳርቻ ደረሰች። በዚያው በ1824 ሴይ ክንፏ አራት ነጠብጣብ ያለባትን አንዲት ትንኝም ገልጿል፤ ይህችው ትንኝ በምሥራቁ የአሜሪካ ክፍል ወባን የምታስተላልፍ ዋነኛዋ መሆኗ የታወቀው እርሱ ከሞተ ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እንግዲህ ስም ማውጣት ከንቱ ጨዋታ አይደለም፤ ችግሩ ሲመጣ መዝገቡ አስቀድሞ ተከፍቶ መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ሴይ በ1834 ሲሞት የሰበሰባቸው ናሙናዎች በእንክብካቤ ጉድለት ተሰባብረውና በሌሎች ነፍሳት ተበልተው አብዛኞቹ ጠፉ፤ ለነፍሳት ሊቅ ከዚህ የከፋ ሹፈት ያለ አይመስለኝም።

ነገር ግን ስም ማውጣት ብቻውን መሥሪያ ቤት አያቆምም። የሐርቫርድ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ታዴዎስ ዊልያም ሃሪስ በ1841 ዕፅዋትን ስለሚጎዱ ነፍሳት ያዘጋጀው ዘገባ የታተመው የማሳቹሴትስ መንግሥት ስለ ጠየቀው ነው። በ1854 የኒው ዮርክ ምክር ቤት ለኤሳ ፊች፣ የፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ ለታውንኤንድ ግላቨር፣ የሰብልን ጠላት አጥኑ ብለው ገንዘብ መደቡ። እነዚህ ገና ጭላንጭል ነበሩ። ሳይንሱን በእግሩ ያቆመው የአንበጣው ዘመን ነው፤ የዚያ ዘመን ሰው ደግሞ ቻርልስ ቫለንታይን ራይሊ ነው።

ራይሊ ለንደን ተወልዶ በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ወደ ኢሊኖይ የተሰደደ፣ በእርሻ ላይ ጉልበቱን የሸጠ፣ ኋላም ለግብርና ጋዜጣ የጻፈና የሣለ ሰው ሲሆን፣ በ1868 ገና በሃያዎቹ አጋማሽ ሳለ የሚዙሪ ግዛት የነፍሳት ሊቅ ሆኖ ተሾመ። ብዙም ሳይቆይ ከሮኪ ተራሮች የሚነሣው አንበጣ ከ1874 እስከ 1877 ካንሳስን፣ ነብራስካንና ሚዙሪን ደጋግሞ አራቆታቸው። በ1875 አልበርት ቻይልድ የተባለ የነብራስካ ሐኪም የመንጋውን ፍጥነትና በቴሌግራፍ የደረሰውን ወሬ አስልቶ፣ መንጋው የሸፈነው ቦታ ወደ 513,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር እንደሚጠጋ ገመተ፤ ይህም የአገራችንን ስፋት ግማሽ ሊያህል ጥቂት የቀረው ነው። በዚያው ዓመት የሚዙሪ ገዥ በፈረንጆች ሰኔ 3 ጾምና ምህላ እንዲሆን ዐወጀ። ራይሊ ግን የአንበጣውን አስተዳደግ ቀን በቀን ሲከታተል ስለ ቆየ፣ ከዚያው የተፈለፈለው ኩብኩባ በሰኔ ውስጥ ክንፍ አውጥቶ እንደሚሄድ ቀደም ብሎ ተናግሮ ነበር። አንበጣው ሄደ፤ ምህላውም ትንበያውም በአንድ ሰሞን ሠመሩ። እኔ ለማንኛቸውም አልከራከርም፤ ገበሬው ግን ለሁለቱም ጆሮውን እንደ ሰጠ አያጠራጥርም።

በ1877 የአሜሪካ ምክር ቤት ራይሊን፣ አልፊየስ ፓካርድንና ሳይረስ ቶማስን ያቀፈ የነፍሳት ኮሚሽን አቋቋመ። እነዚህ ሰዎች አንበጣው የት እንደሚጥል፣ እንቁላሉ በምን ያህል ጥልቀት እንደሚቀበር፣ ኩብኩባው በየትኛው ቦይ ሊያዝ እንደሚችል እየዞሩ ጻፉ። የሚገርመው፣ ያ መንጋ ከዚያ በኋላ እየመነመነ ሄዶ፣ በሕይወት የተያዙት የመጨረሻዎቹ ናሙናዎች የ1902 ናቸው። ዛሬ ብዙዎች የሚቀበሉት ማብራሪያ፣ አንበጣው በሚያርፍበት ዘመን የሚሸሸግባቸውን የተራራ ሸለቆዎች ሰፋሪዎች ስላረሱአቸውና ከብት ስላሰማሩባቸው እንቁላሉ አለቀ የሚል ነው። ሊቃውንቱ አላጠፉትም፤ ገበሬው ሳያውቅ አጠፋው። አንበጣው ቢጠፋም መሥሪያ ቤቱ ግን አልጠፋም፤ ራይሊ ወደ ዋሽንግተን ተዛውሮ በግብርና መሥሪያ ቤት የነፍሳት ክፍል ኃላፊ ሆነ። በ1887 የወጣው የሃች ሕግ በየግዛቱ ከግብርና ኮሌጆች ጋር የተያያዙ የምርምር ጣቢያዎችን ሲያቋቁም፣ ለነፍሳት ሊቃውንት በየቦታው የሥራ ወንበር ተገኘ። ኮሌጁንና የምርምር ጣቢያውን አንድ ላይ ያጣመረው ይህ ሥርዐት ነው በ1950ዎቹ ከኦክላሆማ ተነሥቶ ዓለማያ ድረስ የመጣው፤ እኔና አንተ የተማርነው በራይሊ ዘመን በተጣለ መሠረት ላይ መሆኑን ያኔ የነገረን አልነበረም።

አሁን ከሁሉ ወደምወደው ታሪክ ልምጣ። በካሊፎርኒያ የብርቱካን እርሻ ላይ ከአውስትራሊያ የገባች፣ ጥጥ የመሰለ ነጭ ከረጢት ተሸክማ ከቅርንጫፍ ላይ ተጣብቃ ጭማቂ የምትመጥ ነፍሳት በ1880ዎቹ ዛፉን ሁሉ ታደርቅ ጀመር። ገበሬዎቹ ማጠቢያና ጢስ ሞክረው ሲያቅታቸው እርሻውን እስከ መንቀል ደረሱ። ራይሊ፣ ይህች ነፍሳት በአገሯ ይህን ያህል የማትጎዳው የሚበላት ጠላት ስላለ ነው ብሎ ጠላቷን ከዚያው ለማስመጣት አሰበ። ምክር ቤቱ ግን የመሥሪያ ቤቱን ሰዎች የውጭ ጉዞ ከልክሎ ነበር፤ ስለዚህ አልበርት ኮብል የተባለው ረዳቱ በ1888 የሜልበርን ኤግዚቢሽን ልዑካን በሚል ሽፋን፣ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ተላከ። ቢሮክራሲ በዓለም ሁሉ አንድ ዐይነት እንደ ሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ኮብል በአውስትራሊያ ያገኛትን ቀይና ጥቁር ቀለም ያላት ትንሽ ጢንዚዛ በመርከብ ሰደደ፤ ወደ ሎስ አንጀለስ መጀመሪያ በሕይወት የደረሱት 129 ብቻ ነበሩ። በድንኳን በተሸፈነ አንድ የብርቱካን ዛፍ ላይ ተለቅቀው ተባዙ፤ በዓመት ከመንፈቅ ጊዜ ውስጥም የካሊፎርኒያ ብርቱካን ዳነ። የፈጀው ገንዘብ ከሁለት ሺህ ዶላር በታች ነበር። አመስጋኞቹ ገበሬዎች ለኮብል የወርቅ ሰዓት፣ ለሚስቱ ደግሞ የአልማዝ ጉትቻ ሸለሙ።

በገንዘብና በመንግሥት ትእዛዝ ያልተመራ ሰው አልነበረም እንዳትለኝ፣ አንድ ሰው ልጥቀስልህ። ቻርልስ ሄንሪ ተርነር ጥቁር አሜሪካዊ ነበር፤ በ1907 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በዶክተርነት ተመርቆ ቋሚ የዩኒቨርሲቲ ወንበር ስላልተሰጠው፣ ሴንት ሉዊስ በሚገኝ የጥቁሮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። ንቦች ቀለም እንደሚለዩ በ1910፣ ቅርጽና ንድፍ እንደሚለዩ በ1911 ያሳየው በከተማው መናፈሻ ውስጥ ቀለም የተቀቡ ክቦችንና ሳጥኖችን ዘርግቶ ነው። ላቦራቶሪ የሌለው ሰው እንዲህ ያለ ንጹሕ ሙከራ ማካሄዱን ለተማሪዎችህ ብትነግራቸው ደስ ይለኛል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዲዲቲ የተባለው ነፍሳት ገዳይ መድኃኒት ሲመጣ፣ የአንዲትን ነፍሳት ኑሮ ዓመት ሙሉ የሚከታተል ሰው ጊዜውን የሚያባክን መስሎ ታየ። መድኃኒቱ በካሊፎርኒያ ብርቱካን ላይ በተረጨ ጊዜ ያችን የአውስትራሊያ ጢንዚዛ ገደላት፤ ለስድሳ ዓመት ያህል ተገዝታ የኖረችው ነጯ ነፍሳትም ተመልሳ ዛፉን ወረረችው፤ ገበሬዎቹም ጢንዚዛዋን እንደገና መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ሬቸል ካርሰን በ1962 ስለ እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች ጉዳት የጻፈችው መጽሐፍ ሕዝቡን የቀሰቀሰውና ዲዲቲ በዚያ አገር በ1972 የታገደው ከዚህ በኋላ ነው። የመሥሪያ ቤት ሊቃውንት ካርሰንን መንቀፋቸውን ሳነብ፣ የራይሊን ደብተር ረስተውት ይሆን እላለሁ።

ሁሉም ግን አልረሱም። በቴክሳስ ኤድዋርድ ኒፕሊንግና ሬይመንድ ቡሽላንድ ትሏ የከብትን ሕያው ሥጋ የምትበላን ዝንብ ሲያጠኑ፣ ሴቷ በዕድሜዋ በአብዛኛው አንድ ጊዜ ብቻ እንደምትጠቃ አስተዋሉ። ከዚህች አንዲት እውቀት ተነሥተው፣ ወንዱን በጨረር አምክኖ በብዛት መልቀቅ ዘሯን ያጠፋል ብለው አሰቡ፤ በ1954 በካሪቢያን ባሕር ባለችው በኩራሳዎ ደሴት ላይ ተሳካ፤ በ1966 ዩናይትድ ስቴትስ ከዝንቧ ነፃ መውጣቷ ታወጀ። በአገራችን ከ1997 ጀምሮ በደቡብ ስምጥ ሸለቆ የገንዲን በሽታ የምታስተላልፈውን የቆላ ዝንብ ለማጥፋት የተያዘው ሥራ፣ ቃሊቲ ያለውም የዝንብ ማራቢያ፣ የዚሁ ሐሳብ ልጅ ነው።

የቴክሳሷ ዝንብ ከፓናማ ወዲያ ታግዳ ስትኖር በቅርብ ዓመታት መከላከያውን ጥሳ ወደ ሰሜን መጥታለች፤ በ2024 መጨረሻ ደቡብ ሜክሲኮ ስትገኝ አሜሪካ የሜክሲኮን ከብት ማስገባት አቆመች፤ የመከኑ ዝንቦች የሚራቡበት ፋብሪካ ነገርም ዳግመኛ መነጋገሪያ ሆነ። ስለዚህ ዛሬም የምለው ያኔ ያልሁትን ነው፤ ገንዘቡን የሚያስመድበው ጥፋቱ ነው፤ መፍትሔው ግን ጥፋቱ ሳይመጣ በትዕግሥት ከሚያጠና ሰው ይገኛል፤ በዚህኛው ግማሽ አንተም ትክክል ነበርህ። የቃሊቲው ሥራ ዛሬ ምን ላይ እንደ ደረሰ፣ ከተማሪዎችህም ወደዚያ የሄደ እንዳለ ጻፍልኝ። የማትስማማበት ነገር ካለም አትማረኝ።

ወንድምህ